አቦ ሸማኔ ነብር አይደለም፤ መጫወቻም አይደለም



የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ልባችሁ ያመነበትን አንድ አሳብ ጻፉ» ባሉን ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ወላጅ ክብርና ስለ ስፖርት ለመጻፍ መረጡ። እኔ ግን ስለ አንድ አውሬ ልጽፍ አሰብሁ፤ እርሱም አቦ ሸማኔ ነው። «ለቆቃ ልጅ አቦ ሸማኔ ምኑ ነው? የኛስ አውሬ ጉማሬ አይደለምን?» የሚለኝ ቢኖር መልሱን ከዚህ በታች ያገኘዋል።

አሳቤን ከመጀመሪያው በግልጽ ላስቀምጠው። አቦ ሸማኔ መሬቱ ጠቦበታል፥ የሚያድነውም እንስሳ አንሶበታል። በዚህ ችግር ላይ እኛ ሰዎች ሁለት ስሕተት እንጨምርበታለን። አንዱ ነብር ነው ብሎ መግደል ነው። ሁለተኛው ገራም ነው ብሎ ግልገሉን መሸጥና መግዛት ነው። የመጀመሪያው ካለማወቅ ስለሚመጣ ትምህርት ያርመዋል። ሁለተኛው ከስስት ስለሚመጣ ሕግና ኅሊና ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ነገሩ እኛን የሚነካን ለምን እንደ ሆነ ላስረዳ። በቆቃ ሐይቅ ዳር ጉማሬና አዞ፥ ልዩ ልዩ ዓይነት ወፍም እናያለን፤ አቦ ሸማኔ ግን አናይም። ሆኖም በ1960 እ.ኤ.አ. በተመረቀው ግድባችን የሚታቈረው የአዋሽ ውሃ ኤሌክትሪኩን አመንጭቶ ከወጣ በኋላ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ በኩል ያልፋል። ከዚያም በመተሐራ አድርጎ፥ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ታክኮ፥ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል፤ በመጨረሻም በጅቡቲ ድንበር አጠገብ ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ዛሬ በኢትዮጵያ አቦ ሸማኔ ከሚገኝባቸው ስፍራዎች ዋነኞቹ የአፋርና የሶማሌ ቆላዎች፥ እንዲሁም በደቡብ በኦሞ ወንዝ አካባቢ ያለው ሜዳ ናቸው። እንግዲህ እኛ በወንዙ ራስጌ የተቀመጥን ጎረቤቶች ነን። በሞጆና በአዳማ አድርጎ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው የመኪና መንገድም ወደዚያው ቆላ ያደርሳል። ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ደግሞ በጎረቤቱ ላይ በትክክል ሊፈርድ አይችልም።

አቦ ሸማኔ ከድመት ወገን ነው። እግሩ ረጅም፥ ወገቡ ቀጭን፥ ደረቱ ጥልቅ፥ ራሱም ትንሽ ነው። ሙሉ ሰውነት ያለው አቦ ሸማኔ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 65 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህም ከአንድ ጐልማሳ ሰው ክብደት የሚበልጥ አይደለም። በሩጫ ግን በምድር ላይ እርሱን የሚቀድም እንስሳ የለም። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በሲንሲናቲ መካነ አራዊት የነበረች ሣራ የተባለች አቦ ሸማኔ 100 ሜትር በ5.95 ሰከንድ ሮጣለች። ከሰው ልጅ ይህን ርቀት በፍጥነት በመጨረስ የታወቀው ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት በ2009 እ.ኤ.አ. የወሰደበት ጊዜ 9.58 ሰከንድ ነው። በቦትስዋና ዱር የሚኖሩትም አንገታቸው ላይ መለኪያ መሣሪያ ታስሮላቸው ሲጠኑ፥ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት መሠረት ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በአዲስ አበባና በአዳማ መካከል በተሠራው ፈጣን መንገድ ላይ እንደሚከንፍ መኪና ነው ማለት ነው።

ይህ ፍጥነት ከምን እንደ መጣ ብንመረምር ነገሩ በጣም ያስደንቃል። ብዙ አየር እንዲስብ የአፍንጫው ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ልቡና ሳንባውም ለሰውነቱ መጠን ትልልቆች ናቸው። የጀርባው አጥንት እንደ ቀስት እየታጠፈና እየተዘረጋ እርምጃውን ያረዝመዋል። ረጅሙ ጅራቱ በድንገት ሲታጠፍ እንዳይወድቅ ሚዛን ይጠብቅለታል። የሌሎች ድመቶች ጥፍር እንደ ሰይፍ በአፎቱ ውስጥ የሚሰወር ሲሆን የአቦ ሸማኔ ጥፍር ግን ሁልጊዜ ጫፉ ወጥቶ ይታያል፤ ሲሮጥም እንደ እስፖርተኛ ጫማ ምስማር መሬቱን ቈንጥጦ ይይዝለታል።

ነገር ግን ተፈጥሮ ይህን ሁሉ በነጻ አልሰጠችውም። አፍንጫው ሰፊ ስለ ሆነ ለጥርሱ የቀረለት ቦታ ጠባብ ነው። መሬት የሚቈነጥጠው ጥፍሩ ስለሚደነዝዝ ለጠብ አይመችም። ሰውነቱም ለሩጫ የቀለለ በመሆኑ ለትግል ደካማ ነው። ስለዚህ አቦ ሸማኔ ያደነውን ገና ሳይጠግብ ጅብ ወይም አንበሳ ቢመጣበት ትቶ ይሄዳል። ቢታገልና እግሩ ቢሰበር ዳግመኛ መሮጥ አይችልም፤ መሮጥ ካልቻለም በረኃብ መሞቱ ነው። ይህን አይተው ፈሪ የሚሉት ሰዎች አሉ። እኔ ግን ዐዋቂ እለዋለሁ።

ጠባዩም እንደ አካሉ ከሌሎቹ የተለየ ነው። አንበሳና ጅብ በአብዛኛው በጨለማ ሲያድኑ እርሱ በአብዛኛው በቀን፥ በተለይም በጧትና ወደ ማታ ላይ ያድናል። ከዓይኑ እስከ አፉ የሚወርድ እንደ እንባ ያለ ጥቁር መስመር አለው፤ ይህም የፀሓይን ነጸብራቅ ይቀንስለታል ብለው የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ። እንደ አንበሳ አያገሣም፤ ድመት ስትደሰት እንደምታሰማው ያለ የጕሮሮ ድምፅ ያሰማል፥ ልጆቹን ሲጠራም እንደ ወፍ ይጮኻል። ወንዶቹ ብዙ ጊዜ ወንድማማቾች ሆነው ሁለትም ሦስትም እየሆኑ አብረው ይኖራሉ። ሴቷ ግን ብቻዋን ትኖራለች፥ ልጆቿንም ብቻዋን ታሳድጋለች። ሦስት ወር ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ግልገሎች ትወልዳለች፤ አውሬ እንዳያገኝባትም በአፏ እየያዘች ከቦታ ወደ ቦታ ታዛውራቸዋለች። ይህንንም አድርጋ በታንዛንያ በሰረንጌቲ ሜዳ በተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት ከ20 ግልገሎች ለዐቅመ ራስ መቻል የደረሰው 1 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። የሚበዙትን የገደለው አንበሳ ነበር።

ስለ አዳኝነቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኛ ለተማሪዎችም ይጠቅማልና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። አቦ ሸማኔ ሚዳቋ ባየ ቍጥር አይሮጥም። በሣሩ ውስጥ ራሱን ዝቅ አድርጎ፥ ቆም እያለ፥ በቀስታ ይቀርባል። የሚሮጠው ከቀረበ በኋላ ሲሆን ሩጫውም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትሮች አይበልጥም። በምድር ላይ በሩጫ ከሁሉ ፈጣን የሆነው እንስሳ አብዛኛውን የአደን ጊዜውን የሚያሳልፈው በመጠበቅና በመጠጋት ነው። ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ በፈተና ሰሞን ብቻ የሚሮጥ ተማሪ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሕተት ልመለስ። ሁለቱም ነጠብጣብ ስላላቸው ሰዎች አቦ ሸማኔን ከነብር ጋር ይቀላቅሉታል። ይሁን እንጂ የነብር ነጠብጣብ እንደ ተከፈተ አበባ መካከሉ ክፍት ሲሆን የአቦ ሸማኔ ግን ጥቍር ድፍን ነው። ነብር ወፍራምና አጭር እግር ነው፥ ዛፍ ላይ ይወጣል፥ ሌሊት ይሄዳል፤ እንደ እንባ ያለው መስመርም የለውም። በዱካውም ይለያሉ፤ የነብር ዱካ ጥፍር አያሳይም፥ የአቦ ሸማኔ ዱካ ግን ያሳያል። የጅብና የውሻ ዱካም ጥፍር ስለሚያሳይ የመዳፉን ቅርጽ አብሮ ማስተዋል ያስፈልጋል።

በመተሐራ በኩል ፍየል የሚያረቡ አንድ አጎት አሉኝ። ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ሁለት ፍየሎች ሞተውባቸው በጣም ተቈጥተው ነበር። በተረፈው ሥጋ ላይ መርዝ ለማድረግም አስበው ነበር።

«ጋሼ፥ ምን በላብዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያ ዥንጕርጕሩ አውሬ ነዋ!» አሉኝ።

«የበላው በቀን ከመስክ ላይ ነው ወይስ ሌሊት ከበረት?»

«ሌሊት ነው እንጂ፤ አጥሩን ጥሶ።»

እኔም አቦ ሸማኔ በአብዛኛው በቀን እንደሚያድን፥ ሌሊት አጥር የሚጥሰው ግን ብዙ ጊዜ ጅብ ወይም ነብር እንደ ሆነ በትሕትና ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ልጄ፥ የበላው ማንም ቢሆን ፍየሎቼ አይመለሱም። አንተ የአውሬውን ስም ለየህልኝ፤ የፍየሎቼን ዋጋ ማን ይክፈለኝ?» አሉኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ በአፌ አልነበረም። መርዙ የሚገድለው የበላውን አውሬ ብቻ ሳይሆን ጥንብ አንሣውንም፥ የራሳቸውንም ውሻ እንደ ሆነ ስነግራቸው ግን «እንግዲህ አስብበታለሁ» አሉ። በማግስቱ አብረን የበረቱን አጥር በእሾህ አጠበቅነው።

የአጎቴ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዳንድ ሰዎች በከተማ ተቀምጠው «አርብቶ አደሩ አራዊት ይጨርሳል» ብለው ይፈርዳሉ። ነገር ግን አቦ ሸማኔ የአገር ሀብት ከሆነ ኪሳራውን አንድ ባለ ፍየል ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። ከአራዊቱ የተነሣ ከጐብኚ የሚገኘው ገንዘብ መጀመሪያ መድረስ ያለበት ከአራዊቱ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ለሚያድረው ሰው ነው። እረኛውም በበኩሉ በቀን ፍየሎቹን ያለ ጠባቂ ባይለቅ፥ ሌሊትም አጥሩን ቢያጠብቅ፥ ጥፋቱ ሊቀንስ ይችላል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። አቦ ሸማኔ ሰውን የሚደፍር አውሬ ባለመሆኑ፥ ከሕፃንነቱ ከያዙትም ስለሚለምድ፥ ከጥንት ጀምሮ ነገሥታት ለአደንና ለክብር ያኖሩት ነበር። የሕንዱ ንጉሥ አክባር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ መቶ አቦ ሸማኔዎች እንደ ነበሩት ታሪክ ይናገራል። በአገራችንም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቦ ሸማኔ ጋር የተነሡአቸው ፎቶግራፎች አሉ። በዚያ ዘመን አራዊቱ ብዙ ስለ ነበሩ ነገሩ እንደ ጥፋት አይታይም ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አቦ ሸማኔ በግዞት ሆኖ በቀላሉ አይወልድም። ከአክባር ልጅ ከጃሃንጊር ዘመን ከተመዘገበው አንድ ወሊድ በኋላ በሰው እጅ ያለ አቦ ሸማኔ ወለደ ተብሎ የታወቀው በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፊላደልፊያ መካነ አራዊት ነው። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ዘመን በቤተ መንግሥት የታሰረው እያንዳንዱ አቦ ሸማኔ ከዱር የተወሰደ ነበር ማለት ነው።

ዛሬም ይኸው ይደረጋል። በምሥራቅ ኢትዮጵያና በሶማሌ ምድር ከእናታቸው የተነጠቁ ግልገሎች በድብቅ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ይወሰዳሉ፤ ከዚያም በጀልባ ወደ የመንና ወደ ዐረብ አገሮች ይሻገራሉ። ብዙዎቹ ገና ሳይደርሱ በረኃብና በበሽታ ይሞታሉ። የደረሱትም በሀብታሞች ግቢ የወርቅ ሰንሰለት ታስሮላቸው ሥዕላቸው በየስልኩ ይታያል። ነገሩ በሕግ የተከለከለ ነው። አቦ ሸማኔ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የአራዊት ንግድ ስምምነት ከሁሉ ይልቅ ጥብቅ በሆነው መዝገብ ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያም ወደ ስምምነቱ የገባችው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። በአገር ውስጥም በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንንና መነገድን ይከለክላል። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶችም በ2016 እ.ኤ.አ. አደገኛ አራዊትን በግል ማኖርን በሕግ ከልክለዋል።

ከነጋዴ እጅ የተወሰዱ ጥቂት አቦ ሸማኔዎች በሆለታ አቅራቢያ እንሰሳ ኮቴ በተባለው የአራዊት መጠለያ ይኖራሉ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን መድኀኒት አይደለም። የአቦ ሸማኔ ግልገል አደንን የሚማረው ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል እየዋለ ነው። ያለ እናት ያደገ ግልገል ይህን ትምህርት ስላላገኘ ወደ ዱር ቢለቀቅ በሕይወት መኖሩ ያጠራጥራል፤ ስለዚህ ዕድሜውን በአጥር ውስጥ ይጨርሳል። ትምህርት ቤቱን የተነጠቀ ልጅ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

«አራዊት የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ ለኛ ግን እንጀራ ይቅደም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ ዐውቃለሁ። እንጀራ እንዲቀድም እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ግልገሉ ተሽጦ የሚገኘው ገንዘብ በአብዛኛው ከነጋዴው ኪስ ይገባል እንጂ ለእረኛው የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ደግሞም የጠፋን ነገር መልሶ ማግኘት ከመጠበቅ ይልቅ ብዙ ወጪ ያስወጣል። ሕንድ በ1952 እ.ኤ.አ. አቦ ሸማኔ ከምድሯ መጥፋቱን አሳወቀች። ከ70 ዓመት በኋላ፥ በመስከረም ወር 2022 እ.ኤ.አ.፥ 8 አቦ ሸማኔዎችን ከናሚቢያ በአውሮፕላን አስመጥታ በኩኖ ብሔራዊ ፓርክ አስገባች። የነገሥታቶቿ ግቢ በአቦ ሸማኔ የተሞላ የነበረች አገር ዛሬ ከአፍሪካ ትለምናለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው። እኛ ግን ጅቡ ገና ሳይሄድ መጮኽ እንችላለን። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት በዓለም ሁሉ የቀሩት አቦ ሸማኔዎች ወደ 7,100 ያህል ተገምተዋል። በአዳማ ከተማ ያለን ተማሪዎች ብቻ ከዚህ ቍጥር እጅግ እንበልጣለን።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። የሳይንስ መምህሮቻችን የአራዊትን ዱካና መልክ የሚያሳይ ሥዕል እንድናዘጋጅ ቢመሩን፥ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበባችን ሥዕሉን በገበያና በአውቶቡስ መናኸሪያ ሊሰቅለው ይችላል። በምሥራቁ መንገድ የምትነግዱና የምትነዱ ወላጆቻችን ግልገል ተጭኖ ወይም ለሽያጭ ቀርቦ ብታዩ፥ አትግዙ፥ አትጫኑ፥ ለፖሊስ ንገሩ እንጂ። «አሳዝኖኝ ገዛሁት» የሚል ሰውም ለነጋዴው ሌላ ግልገል እንዲያመጣ ዋጋ እየከፈለው መሆኑን ይወቅ። እኛም ተማሪዎች በስልካችን ላይ በሰንሰለት የታሰረ አቦ ሸማኔ ስናይ ማድነቃችንንና ለጓደኛ ማስተላለፋችንን እንተው፤ የተመልካች አድናቆት ለገዢው ዋጋ ነውና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ አቦ ሸማኔ ሚዳቋን ሮጦ ይይዛል፥ ከአንበሳና ከጅብም ሮጦ ያመልጣል። ከመርዝና ከነጋዴ ጆንያ ግን በሩጫ ማምለጥ አይችልም። ከእነዚህ የሚያድነው የኛ ዕውቀትና የኛ እምቢታ ነው። በግድባችን በኩል የሚወርደው ውሃ ነገም ወደ አፋር ሜዳ ይደርሳል፤ በዚያ የሚጠጣው አቦ ሸማኔ እንዲኖር የድርሻችንን እንድንሠራ አደራ እላለሁ።